መድኃኒት የጠጣው ሲንክ

ሲንክ መድኃኒት ሲጠጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አሜሪካ፣ ሚልዋኪ ከተማ ውስጥ፣ አዲስ በተሠራ የልብ ሕሙማን ክፍል፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ወንድሜ ኖርበርት የልብ ቫልቩ ተቀይሮለት እያገገመ ነበር። በከተማችን የተለመደው የአርብ ዓሣ ጥብስ እንዳያመልጠው ሐኪሞቹን ሲነዘንዝ ይውላል። ነርሷ ዳርሊን የአንቲባዮቲኩን ከረጢት ከእጁ ነቀለችና ትራፊውን አልጋው አጠገብ ባለው የእጅ መታጠቢያ ሲንክ ውስጥ ደፋችው። ከቁርሱ የተረፈውን ወተትም አስከተለችበት።

«ምነው፣ ሲንኩንም ልቡን ቀደዱት እንዴ?» አላት ኖርበርት።

«ዝም ብለህ ተኛ! መድፊያው ያለው ከኮሪደሩ ወዲያ ጫፍ ነው። ለአንተ ወተት ብዬ እግሬ ይውለቅ?»

ሦስታችንም ሳቅን።

ዳርሊን ብቻዋን አይደለችም፤ እዚያ ክፍል ሁሉም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ወተቱ በፍሳሽ ቧንቧው ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ ይቀልባል። የመድኃኒቱ ትራፊ ደግሞ ደካማውን ገድሎ መድኃኒት የለመደውን ያስቀራል። ሲንኩ ለዓይን የሚያምር፣ ግን ጥልቀት የሌለው ነው፤ ውሃው ቀዳዳው ላይ ወርዶ ባክቴሪያውን ወደ አልጋው ይረጫል። ከላዩ «እጅዎን ይታጠቡ» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ታጠቡ፣ ረጩ።

ኖርበርትን ትኩሳት ያዘው። መድኃኒት ቀየሩለት፤ ትኩሳቱ ባሰ። የሆስፒታሉ የኢንፌክሽን መከላከል ኃላፊ ዶክተር ሬየስ ኮሪደር ላይ አስጠራችኝ።

«ደሙ ውስጥ ያገኘነው ባክቴሪያና ሲንኩ ውስጥ ያለው አንድ ነው። ያለን መድኃኒት ሁሉ አይበግረውም» አለችኝ።

«ሲንኩን መቼ መረመራችሁት?»

አንገቷን ደፋች። «ከእሱ በፊት እዚያ አልጋ ላይ የነበረች ሴት በዚሁ ባክቴሪያ ሞታለች፤ ያኔ ነው የመረመርነው። ሲንኩ ይነቀል፣ ክፍሉ ይዘጋ ብዬ ነበር።»

«ማነው እምቢ ያለው?»

«ሥራ አስኪያጁ፣ ሚስተር ሃልቨርሰን።»

ክፍሉን ያሠራው ባለሀብት ስሙ በሩ ላይ በነሐስ ተቀርጿል፤ ሴትዮዋ በሞተች ሰሞን ቤተሰቡን ይዞ ሊጎበኝ ሊመጣ ነበር። የተዘጋ በር እንዴት ይታየው? ቧንቧው ውስጥ የተጋገረውን ዝቃጭ ክሎሪን ዘልቆ እንደማያጠፋው ሬየስ እየነገረቻቸው፣ ክሎሪን አፍስሰው ክፍሉን ከፈቱት። ወንድሜን አስተኙበት።

ኖርበርት ሞተ። ከቀብሩ በኋላ ሃልቨርሰን ደወለልኝ።

«ወይዘሮ ማርሴላ፣ ሐዘንዎ ሐዘናችን ነው። ቢሮዬ ይምጡና በግል እንነጋገር። መቼም እንዲህ ያለ ባክቴሪያ በየሆስፒታሉ አለ።»

«ወንድሜ በየሆስፒታሉ አልተኛም! እርስዎ ጋ ነው የተኛው!»

ቢሮው አልሄድኩም። የሆስፒታሉ ቦርድ ሕዝብ ጠርቶ በሰበሰበበት አዳራሽ ሄጄ ማይክሮፎኑን ያዝኩ። ጥያቄዬን ስጀምር ሃልቨርሰን ጉሮሮውን ጠረገ።

«የሕሙማንን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለብን።»

«የማንን ምስጢር? ሟቹ ወንድሜ ነው፣ ቤተሰቡ ፈቅደናል። አሁን የሚጠብቁት የራስዎን ነው!»

ከኋላ አንድ ሰው «ይመልስ!» ብሎ ጮኸ። አጠገቡ የነበረው ጠበቃ የሃልቨርሰንን እጅጌ ሳብ አደረገው። ሃልቨርሰን ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

እኔ ግን አልተቀመጥኩም። «ሚስተር ሃልቨርሰን፣ ሴትዮዋ በምን እንደሞተች እያወቁ ወንድሜን እዚያ አልጋ ላይ ያስተኙት ለምንድን ነው? ቢሮዎ ውስጥ አይደለም። በጠበቃዎ በኩልም አይደለም። እዚሁ፣ ሰው ፊት፣ በራስዎ አፍ ይመልሱ!»