ከአልጋው ስር

በማተሚያ ቤታችን እርማት የሚሠራው በሁለት ሰው ነው። አንዱ ረቂቁን ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው ፊደሉ ተለቅሞ የመጣውን ገጽ በዓይኑ እየተከተለ በቀይ እስክሪብቶ ያርማል። ሁለቱም ካልፈረሙ ማሽን ላይ የሚወጣ ገጽ የለም። ያን ቀን የምታነብልኝ ባልደረባዬ ታማ ስለቀረች ደራሲው «እኔው አነባለሁ» ብሎ መጣ። ደራሲው ደግሞ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ቤት ውስጥ ጩጬ የምንለው።

መጽሐፉ የልጅነት ትዝታው ነው። እስከ ሃያኛው ገጽ ድረስ ጥርሴን ነክሼ ታገስኩት። ዝናቡ ጣሪያው ላይ ዘፈነ፣ እናታችን ፈገግ አለች፣ እኛም ግቢው ውስጥ ስንቦርቅ ዋልን። መቼም ልጅነት መጽሐፍ ውስጥ የሚገባው ታጥቦና ተበጥሮ ነው፤ የሚጽፉት ሰዎች ልጅ ሆነው የሚያውቁ አይመስሉም። ሃያ አንደኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ እንዲህ ብሎ አነበበልኝ።

«አባታችን አንድም ቀን እጁን አንስቶብን አያውቅም።»

ደሜ ፈላ። ገጹን የያዝኩበት ግራ እጄ ሁለት ጣቶቹ አይታጠፉም፤ የአባታችን ቀበቶ ዘለበት ካረፈባቸው ወዲህ እንደዚያው ናቸው። ቀበቶው ከግድግዳው ሲወርድ ጩጬን አልጋ ስር እያስገባሁ፣ ጆሮህን ይዘህ ቁጠር፣ ሲያልቅ መጥቼ አወጣሃለሁ እለው ነበር። የእሱንም ድርሻ የምቀበለው እኔ ነበርኩ። አባትም እናትም ዛሬ የሉም፤ ያን ቤት የሚያውቅ ከሁለታችን በቀር ሰው አልቀረም። ይህ ገጽ ከታተመ እኔም ተመትቼ አላውቅም ማለት ነው።

«ድገመው» አልኩት።

ደገመው።

«አሁንም።»

በሦስተኛው ረቂቁን አስቀምጦ ይለማመጠኝ ጀመር። ሰው መጽሐፍ የሚገዛው ደስ እንዲለው ነው አለ፤ የሞተ ሰው መውቀስስ ምን ይጠቅማል አለ። አልጮኽኩበትም። ዓረፍተ ነገሩን ከዳር እስከ ዳር በቀይ ሰረዝኩና እስክሪብቶውን ሰጠሁት።

«ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ከአልጋው ስር የሰማኸውን።»

ገጹ ላይ አጎነበሰ። ያኔ ገና የአምስት ዓመት ልጅ ነበር። ረስቶት ከሆነ ይቅር ልለው፣ እውነቴን ነው፣ ተዘጋጅቼ ነበር።

«እትዬ» አለ ቀና ሳይል፣ «አርባ ሰባት ስደርስ ድምፁ አለቀ። አንቺ ግን አልመጣሽም።»

የሚለው ጣቶቼ የተሰበሩበትን ቀን ነው፤ ራሴን ስቼ ወድቄ ነበር። ለካ አንዱንም አልረሳውም። ቁጥሩን ሳይቀር ይዞ ኖሮ፣ ይዞት ነው ያን ገጽ የጻፈው። እንደዚያች ቅጽበት ተናድጄ አላውቅም።

«እሱን ጻፍ» አልኩትና በግራ እጄ የፊርማዬን ቦታ ሸፍኜ ጠበቅሁት።