ያልተመታው ምስማር

«የሣጥኑን ክዳን አልመቱትም። ደግመሽ እይው፤ አንድ ምስማር እንኳ አልመቱበትም።»

ሹክሹክታው የመጣው ከድንኳኑ ጥግ፣ ከአሰለፈች ጀርባ ነበር። የወንድሟ የስማቸው ሣልስት ነው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ የዘገኑላትን ንፍሮ ሳትቀምስ ይዛ ተቀምጣለች። ዞር ስትል ሁለት ልጃገረዶች አንድ ስልክ ላይ አቀርቅረው የቀብሩን ቪዲዮ ያያሉ።

«ታዲያ ምን ማለት ነው?» አለች አንደኛዋ።

«አልሞተም ማለት ነዋ! ሲዝን ሦስት የሚጀምረው በዚህ ነው። ኮሜንቱን አንብቢው፤ ሁሉም ሰው ይሄንኑ ነው የሚለው። በሣልስቱ ይወጣል ይላሉ።»

ንፍሮው ከአሰለፈች መዳፍ ረገፈ።

ስማቸው ንፋስ መውጫ ተወልዶ ያደገ፣ አገር ያወቀው ቀልደኛ ነበር። «ባለሣጥኖቹ» የተባለውን ተከታታይ ድራማ የጻፈውም፣ ዋናውን ሰው ሆኖ የተጫወተውም እሱ ነው። ድራማው ፊት ለፊት ሱቅ ከፍተው ሬሳ ስለሚሻሙ ሁለት ሣጥን ሻጮች ነው፤ ጎረቤት ሳል ያዘው በተባለ ቁጥር ሁለቱም ሜትር በኪሳቸው ይዘው «እግዚአብሔር ይማርህ» ለማለት ይሽቀዳደማሉ። ሁለተኛው ሲዝን ሲያልቅ ስማቸው የሚጫወተው ሰው ሣጥን ውስጥ ተጋደመ፤ ክዳኑ ተዘጋ። ሞቶ ይሁን ተፎካካሪው ምን እንደሚል ለመስማት ተደብቆ፣ ሳይታወቅ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ተመልካቹ ሁሉ ሲገምት ከረመ።

ስማቸው ግን ለእረፍት ወደ ትውልድ ከተማው፣ እህቱ ቤት መጥቶ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ሳይነቃ ቀረ። ጎረቤት ያለው የጤና መኮንን መጥቶ አየና «ልቡ ናት» አለ። ወሬው ሲሰማ አጥሩ ስልክ በደገኑ ወጣቶች ተሞላ። አሰለፈች ወንድሟ በሬሳነቱ መሳቂያ እንዳይሆን ብላ «ዛሬውኑ ይቀበር» አለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አፈር ለበሰ።

ያስቸኮልሁት እኔ ነኝ፤ አሁን ይህ ሐሳብ እንደ እሾህ ወጋት።

ደግሞ ልማዱን ታውቃለች። እናታቸው ስማቸውን በወለደች በዓመቷ ስለሞተች ያሳደገችው እሷ ናት። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ አውድማ ላይ ገለባ ውስጥ ተዘርሮ አገኘችው። ብትጠራው አይሰማ፣ ብትወዘውዘው አይነቃ፤ ትንፋሹም የለ። ጩኸቷ መንደሩን ከሰበሰበ በኋላ እየሳቀ ተነሣ። ገረፈችው፤ መልሳ አቅፋው አለቀሰች። «ሁለተኛ እንዲህ እንዳታደርገኝ» ብትለው «እሺ እታለም» አላት። በሳምንቱ ደገመው። ትንፋሹን እንደ እሱ አድርጎ የሚይዝ ልጅ አልነበረም።

ያን ጠዋትስ? ስንት ጊዜ ወዘወዘችው? ሁለቴ። ሁለቴ ብቻ።

ተነሥታ ወጣች። «ኧረ ሐዘንተኛ እንዲህ አይወጣም! ወዴት ነሽ?» ብለው ሴቶቹ ቢከተሏትም አልሰማቻቸውም። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ደረሰች።

መቃብሩን ስምንት ዘጠኝ ወጣቶች ከበውታል። አንዱ ስልኩን አፈሩ ላይ አጋድሞ «ዝም በሉ! የሆነ ድምፅ አለ» ይላል። ሲያያት ደነገጠ። እሷ ግን ተንበርክካ ጆሮዋን አፈሩ ላይ ለጠፈች።

ድም፣ ድም፣ ድም።

ጨለማው፣ የእንጨቱ ጥበት፣ የወንድሟ መዳፍ ክዳኑን ሲደበድብ ታያት። ሦስት ቀን! ሦስት ቀን ሙሉ እታለም እያለ!

«ቆፍሩ!» ብላ ጮኸች። «ወንድሜን አውጡልኝ! በሕይወቱ ቀብሬዋለሁ፣ ቆፍሩ!»

ሊስቁ የመጡት ወጣቶች ፊታቸው አመድ መሰለ። አንዱ እግሬ አውጪኝ አለ። ሌላው ግን ግድግዳው ጥግ የቆመውን ዶማ አንሥቶ መጣ።

«አኑረው!» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

ጋሽ ንጉሴ ነበሩ፤ ስማቸውን የገነዙት፣ ሣጥኑንም የሠሩት ሽማግሌ። ሴቶቹ ጠርተዋቸው እያለከለኩ ደረሱ።

«ተነሽ፣ አሰለፈች።»

«ምስማር መትተዋል ወይስ አልመቱም?»

«አልመታሁም።»

ባለዶማው አንድ እርምጃ ወደፊት ተራመደ። አሰለፈች የሽማግሌውን ጋቢ ጨምድዳ ያዘች። «ለምን? ከእሱ ጋር ተማክራችሁ ነው? በማርያም ይንገሩኝ!»

«ስሚኝ። ሦስት ሰዓት ላይ ስገባ ገላው በርዶ፣ መንጋጋው ደርቆ ነበር። ጀርባው ላይ ደሙ ወርዶ ጠቁሯል። እጁን ደረቱ ላይ ለማጠፍ ታግያለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ስንቱን ገነዝሁ፤ የሞተና የተኛ አይምታታብኝም።»

«ምስማሩስ?»

ሽማግሌው ወጣቶቹን አየት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ድራማውን ሲጽፍ እኔ ዘንድ እየመጣ ይቀመጥ ነበር። ያስቀኛል፣ ያዋዛኛል። አንድ ቀን ክዳን ስመታ ላብ አጠመቀው። ‹ጋሼ፣ አባቴ ሲቀበር ይህን ድምፅ ሰምቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ከእርስዎ ቀድሜ ከሞትሁ አይምቱብኝ፤ እፈራለሁ› አለኝ። ቀልዱን መስሎኝ ብስቅ አለቀሰ። ቃሌን ሰጠሁት። በጠፍር ብቻ አሰርሁት።»

አባታቸው ሲቀበር ስማቸው ስድስት ዓመቱ ነበር። የሞተ መስሎ መጫወት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ያ ሁሉ ሣጥን፣ ያ ሁሉ ሳቅ፤ አገር ሲስቅ እሱ ይፈራ ነበር። እሷ፣ ያሳደገችው፣ አላወቀችም።

ያ ድም ድም የሚል ነገር አሁንም ጆሮዋ ውስጥ አለ። ቆማም ትሰማዋለች። የራሷ ልብ ነው።

ወጣቱ ዶማውን ግድግዳው ጥግ መልሶ አስደገፈ። ስልክ የያዙትም አንድ በአንድ ኪሳቸው ከተቱ። ከሩቅ የድንኳኑ ሴቶች ሙሾ ይሰማል።

አሰለፈች የጋሽ ንጉሴን ጋቢ ለቀቀች። ቀኝ እጃቸውን በሁለት እጇ ይዛ ገለበጠችው፤ ወንድሟን በመጨረሻ የነካ እጅ ነው። የሻከረውን መዳፍ ጉንጯ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች።