«ተሽጧል» የተባለው በርኮታ

ሱአድ ጆንያውን ከባጃጁ ስታወርድ ከእንጨት የተጠረበ አንድ በርኮታ አምልጧት በግብር ቢሮው ደረጃ ላይ ተንከባለለ። ሽማግሌው ጅሩ በእግራቸው አቆሙት እንጂ አላነሱላትም። ከቱርሚ ድረስ በጭነት መኪና ሲንገጫገጩ የመጡት ተቆጥተው ነው፤ የተቆጡትም በእሷ ነው።

ቢቆጡም አይፈረድባቸውም። ሱአድ ከጂንካ ገበያ ጀርባ ባለችው የእናቷ ሱቅ ሆና፣ የሐመርና የበና ወንዶች የሚቀመጡባቸውን፣ ሲተኙም የሚንተራሱባቸውን አሮጌ በርኮታዎች በቴሌግራም ለሰብሳቢዎች ትሸጣለች። ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ ቻናሏ የሞተ እንዳይመስል፣ ባልሸጠችው ዕቃ ፎቶ ሥር ዋጋ ትጽፍና «ተሽጧል» ትላለች። ሰው ሌላው የቀደመውን ነገር ሲያይ ይጎመዣል፤ አዲስ አበባ ያሉት ሻጮችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። የጅሩን በርኮታ ግን የተዋሰችው ለፎቶ ብቻ ነበር፤ መልሳላቸዋለችም። እሱም ላይ ከሁሉም የከበደ ዋጋ ጽፋ «ተሽጧል» አለች። ጂንካ የሚማረው የወንድማቸው ልጅ አይቶ ነገራቸው። ብዙም ሳይቆይ ግብር ቢሮውም አየው።

«ቁጭ በይ፣ ሱአድ» አሉ ኦዲተሩ አቶ ተስፋጽዮን። «ተሽጧል ያልሽው ሁሉ ስክሪንሹት ተደርጎ ሲስተም ውስጥ ገብቷል። ግብሩ የተሰላው በዚያ ነው።»

«አብዛኛው አልተሸጠም።»

«ተሽጧል ያለው ማን ነው ታዲያ?»

«እኔ ነኝ።»

«እኛም ያልሽውን ነው ያመንነው።»

ሰውዬው ቢጮኹባት ይሻላት ነበር፤ በእርጋታቸው በገነች። የተጠየቀችውን ለመክፈል ሱቁን ከነመደርደሪያው መሸጥ ሊኖርባት ነው። እናቷ ዕድሜዋን የጨረሰችባት ሱቅ ባልተሸጠ ዕቃ ልትዘጋ!

ጆንያውን ወለሉ ላይ ዘረገፈችው። በርኮታዎቹ እስከ ጠረጴዛው ሥር ተበተኑ። «እነዚህ ናቸው ተሸጡ የተባሉት። ከፎቶው ጋር ያስተያዩዋቸው።»

አቶ ተስፋጽዮን አንዱን አንስተው ስንጥቁን ከስልካቸው ጋር አስተያዩ። ሌላም አነሱ። ከዚያ አንድ ፎቶ ላይ ቆሙ። «ይሄ እግሩ ላይ ሽቦ የተጠመጠመበትስ? ከሁሉም ውዱ እሱ ነው፤ እዚህ የለም።»

ሱአድ በአገጯ ወደ በሩ ጠቆመች። ጅሩ የቀረበላቸውን ወንበር እንቢ ብለው በርኮታቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«የገዛ ሰው አለ?» አሉ ጅሩ። «ይምጣ። ከኔ ሥር ይውሰድ።»

አቶ ተስፋጽዮን ሳቃቸውን ለመያዝ ጉንጫቸውን አሹ። «እሺ። በእውነት የሸጥሽውስ?»

«እሱን አልደብቅም። በባንክ የገባልኝን አምጥቻለሁ፣ በሱ ያስሉልኝ። የሸጥኩትን እከፍላለሁ። የዋሸሁትን ግን አልከፍልም።»

«ፎቶዎቹ እንዳሉ ከቀጠሉ ሲስተሙ ሽያጭ ነው የሚላቸው። ወይ ቻናሉን ዝጊው፣ ወይ እዚያው ላይ አስተካክይ። ከዚያ አቤቱታሽን እቀበላለሁ።»

ስልኳን አወጣች። መዝጋቱ ቀላል ነበር። በሌላ ስም አዲስ ትከፍታለች፤ ማንም ውሸታም አይላትም። ጣቷ «ሰርዝ» የሚለው ላይ ደርሶ ሳለ ቀና ስትል ጅሩ እያዩዋት ነበር።

«አባባ ጅሩ፣ እርስዎን እኮ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።»

«ለኔ ነገርሽ። ለነሱ አልነገርሽም» አሉ፣ ስልኩን በበትራቸው እያመለከቱ። «ቱርሚ ሰው ምን ይላል? ጅሩ ደኸየ፣ መቀመጫውን ሸጠ ይላል። አንቺ ስልክ ስትዘጊ የሰው አፍ ይዘጋል?»

ሱአድ አፈረች። ጣቷን ከስልኩ ላይ አነሳች።

«ፎቶ ላንሳዎት?»

ጅሩ ጀርባቸውን አቀኑ። «አንሺ። ብር አትጻፊ።»

አነሳቻቸው። ከሥሩም ጻፈች፦ «ይህ በርኮታ አልተሸጠም፣ አይሸጥምም። ተሽጧል ያልኩት ዋሽቼ ነው። ባለቤቱ ጅሩ ናቸው፤ ተቀምጠውበታል።» ላከችው። ቻናሉን የሚከፍት ሁሉ መጀመሪያ እንዲያየው ከላይ አደረገችው።

ስልኩ ወዲያው ይንጫጫ ጀመር። የሚስቁባት እንዳሉ ታውቃለች፤ አላነበበችውም። ጎንበስ ብላ አንድ በርኮታ ከወለሉ አነሳችና ለፎቶ እንዲመች አቶ ተስፋጽዮን ፊት፣ ጠረጴዛው ላይ አቆመችው።

«ፋይሎቹን ገፋ ያድርጉልኝ» አለች። «ገና ብዙ አለ።»