የቀላው ካርታ

ካርታው በኮምፒውተሯ ላይ ሙሉ ሆኖ ሲወጣላት፣ ሰብሌ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ብቻዋን ሳቀች። ካፋ ከጌሻ ተራሮች እስከ ጎጀብ ቆላ ድረስ በትንንሽ ካሬዎች ተሸንሽና ተቀምጣለች። የእያንዳንዱ ካሬ ጎን አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሳተላይቱና የሜትሮሎጂ ጣቢያዎቹ መረጃ ተቀናጅቶ ለየካሬው የሠላሳ ዓመት አማካይ ሙቀቱን ሰጥቶታል። ቀዝቃዛው አረንጓዴ፣ መካከለኛው ቢጫ፣ ሞቃቱ ቀይ። ቀለሙን ኮምፒውተሩ ራሱ ነው የመረጠላት፤ አማራትና እንዳለ ተወችው።

«ሙሽራ ነው እንዴ እንዲህ የምታይው?» አላት አለቃዋ ኢሳይያስ በበሩ ብቅ ብሎ።

«ከሙሽራም ይሻላል፤ አይጨቃጨቅም» አለችው።

ካርታው የተፈለገው ለችግኝ ነው። ቦንጋ ላይ የተፈላው የዋንዛ ችግኝ ክረምቱ ሲገባ ቡናን ከሙቀት የሚከልል ጥላ እንዲሆን ይታደላል፤ ለሁሉም ግን አይበቃም። የየወረዳው ገበሬዎች ተወካዮች ቅዳሜ በግብርና ቢሮው አዳራሽ ተሰብስበው፣ ካርታውን አይተው፣ ወዴት ይሂድ የሚለውን ይወስናሉ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ እጅ ማውጣት የሚባል ነገር የለም። ሁሉም እሺ እስኪል ይወራል፤ አንዴ እሺ ከተባለ ደግሞ አለቀ፣ የሚመልሰው የለም።

የሰብሌ ልብ ግን አንዲት ካሬ ላይ ነበር። ከዋጫ ወደ ቆላው ሲወረድ ያለችው፣ አባቷ ጋሽ ወልደሥላሴ ቡናቸውን የሚያለሙባት ካሬ ናት። ባለፈው የካቲት ልትጠይቃቸው ሄዳ በማሳው ስታልፍ፣ የቡናው አበባ ፍሬ ሳይዝ ጠውልጎ ሲረግፍ አየች። «አባባ፣ ምን ነካው?» ብትላቸው «ደህና ነው፤ አንቺ ምሳሽን ብዪ» ብለው ወሬ አስቀየሯት። ቡናቸው እንደከፋባቸው ሰው ከሚያውቅባቸው ሞታቸውን ይመርጣሉ። ልጄ ቢሮ ውስጥ ናት ብለው ችግኝ መለመንማ ጭራሽ አይታሰብም። እሷም ለአባቷ አዳላች እንዳትባል ትፈራለች። ስለዚህ ቁጥሩ ይናገር፣ እኔ ዝም ልበል ብላ ተስፋዋን ሁሉ ካርታው ላይ ጣለች።

ቅዳሜ ካርታው በትልቅ ወረቀት ታትሞ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ጋሽ ወልደሥላሴ የቀበሌያቸው ተወካይ ሆነው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከጎረቤታቸው ከጋሽ ተሰማ ጋር መጥተዋል። ኢሳይያስ «ቀርባችሁ እዩት፤ ከዚያ እናንተው ወስኑ» አለና ሰዉ ተነስቶ ካርታውን ከበበው። ሰብሌ ወረዳዎቹን እየጠቆመች አሳየቻቸው። ስለ ቀለሙ ምንም አላለችም። ቀይ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ይኖራል ብላ አላሰበችማ!

አባቷ ካሬያቸውን ፈልገው አገኟት። ጠጋ ብለው አዩአትና ፊታቸው በራ።

«ቀልተናል!» አሉ። «ተሰማ፣ ና እየው! የኛ ደም መስሎ ቀልቷል!»

ከደካ የመጡት የጌሻዋ ተወካይ ወይዘሮ በዛወርቅ ግን ፊታቸውን አጨፈገጉ። «እኛስ ለምን አረንጓዴ ሆንን? ገና ጥሬ ናችሁ ልትሉን ነው?»

«አይክፋዎት ወይዘሮ በዛወርቅ» አሉ ጋሽ ወልደሥላሴ፤ ደስታው ለጋስ አድርጓቸዋል። «እኛ ደርሰናል፣ ችግኝ ምን ያደርግልናል? ዋንዛው ገና ላልደረሱት ይሂድ። ለጌሻ ይሁን።»

«እሺ» አለ አዳራሹ። «እሺ፣ ይሁን።» እንዲህ ያለ ፈጣን ስምምነት በዚያ ቤት ታይቶ አይታወቅም። ኢሳይያስ ግራ ገብቶት ወደ ሰብሌ ዞረ።

ሰብሌ ነገሩ የገባት ያን ጊዜ ነው። ክው አለች። ቡና መጀመሪያ አረንጓዴ ነው፣ ከዚያ ቢጫ ይሆናል፣ ሲበስል ይቀላል። «ቀዩን ብቻ ልቀሚ» እየተባለች ያደገች ልጅ፣ ለቡና ገበሬዎች ሙቀትን በቀይ ቀብታ ሰቀለችላቸው! አሁን ዝም ብትል አባቷ ደስ ብሏቸው ይመለሳሉ፣ ቡናቸው ግን ያልቅለታል። ብትናገር ደግሞ በሰው ፊት ልታዋርዳቸው ነው።

ተነሳች። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «ቀዩ መብሰል አይደለም፣ ሙቀት ነው። አረንጓዴው ነው ቀዝቀዝ ያለው አገር። አባባ፣ የእርስዎ ካሬ ከቡና ካሬዎቹ ሁሉ የሞቀው ነው። ለቡናው በዝቶበታል።»

የአባቷ ጣት ካሬዋ ላይ እንዳረፈ ቀረ። ሰብሌ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ይቺ ካሬ የኔ ማሳ ብቻ ናት?» አሉ በመጨረሻ።

«አይደለችም አባባ። የእርስዎም፣ የጋሽ ተሰማም፣ ከወንዙ ማዶ ያሉትም ናት። ሁላችሁም ያላችሁ አንድ ቁጥር ነው፤ ሃያ ሦስት ዲግሪ።»

ጋሽ ወልደሥላሴ ጎረቤታቸውን ሳያዩ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገሩ። «አበባው ይረግፍብኛል። ይኸው ሦስት ዓመቱ። ሥራው አቅቶኝ መስሎኝ ለሰው አልተናገርኩም።»

ጋሽ ተሰማ ቀና አሉ። «ያንተም?» አሉ። «እኔ እኮ እንሰቱን በማሳዬ ዳር የደረደርኩት አንተ እንዳታይብኝ ነው!»

«እኔ ደግሞ በዚያ በኩል ያለውን መንገድ የዘጋሁት አንተ እንዳታልፍበት!»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩና ሳቃቸው አመለጣቸው። አዳራሹም አብሯቸው ሳቀ። ሰብሌ እየሳቀች እንባዋ መጣባት፤ ከደስታም ከድንጋጤም ነበር።

«እንግዲያው ችግኙ ወደነሱ ይውረድ» አሉ ወይዘሮ በዛወርቅ። «እኛ ጥሬ አለመሆናችን ከታወቀ ይበቃናል።»

«እሺ» አለ አዳራሹ። የፊተኛው እሺ ለመጀመሪያ ጊዜ ተመለሰ፤ የአሁኑን ግን የሚመልሰው አልነበረም።

ወደ ዋጫ የሚሄደው መኪና እስኪሞላ ሰብሌ ከአባቷ ጋር መናኸሪያ ቆመች። አባቷ የቀላውን ካርታ ጠቅልለው በጋቢያቸው ሥር ይዘውታል።

«አባባ፣ ይሄን ይተዉት» አለቻቸው። «ሞቃቱን የደረቀ ቅጠል አስመስዬ ሌላ አትምልዎታለሁ።»

«ይሄው ይሁንልኝ። ዋንዛው ጥላ ሲጥል የኛም ይቀላል፤ ያኔ ከተሰማ ጋር ቁጭ ብለን እናየዋለን።»

ጋሽ ተሰማ ከውስጥ ቦታ ይዘው ተጣሩ። አባቷ አንድ እግራቸውን መኪናው ላይ አድርገው ወደ እሷ ዞሩ።

«በይ የካቲት ላይ ነይ» አሏት። «አበባውን አብረን ዞረን እናያለን። ምሳው ይቆያል።»