የሊፍቱ ተማሪዎች

የካውያው እንፋሎት ፊቷን እየለበለባት ሳለ ስልኳ ጮኸ። ምሳ ሰዓት ስለነበር አንሶላ ተኳሿ ካውያዋን አቁማ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

"መምህርት፣ በምሳ ሰዓትዎ ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ" አለ የተቀዳው ድምፅ። "ስምንት ሰዓት ላይ የእንግሊዝኛ የቃል ፈተና አለብኝ። እንግዳ ሲመጣ 'ልርዳዎት?' ለማለት 'ካን' ልበል ወይስ 'ሜይ'? እባክዎ እንዴት እንደሚባል በድምፅዎ ይላኩልኝ። ፈርቻለሁ።"

ተኳሿ ክው አለች። ይህ ድምፅ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲቆጣት ኖሯል እንጂ ሲለማመጣት ሰምታው አታውቅም። የሆቴሉ የፎቅ ኃላፊ፣ አለቃዋ ነበረች።

የስልኩ ግሩፕ የተጀመረው እንዲሁ በዋዛ ነው። ለአንዲት የጎረቤት ልጅ ሁለት ሦስት የሰዋስው ጥያቄ መለሰችላት፤ ልጅቷ ለጓደኞቿ፣ ጓደኞቿም ለጓደኞቻቸው ነገሩ፤ ዛሬ አራት መቶ ሰው "መምህርት" ይላታል። ሰዋስውን ከልጇ አሮጌ መጻሕፍት እያነበበች በደንብ ይዛዋለች። ማን መሆኗን ግን ለማንም ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ማብራሪያውን በጽሑፍ፣ እንግሊዝኛውን ብቻ በድምፅ ትልካለች። ከልብስ ማጠቢያ ክፍል ማን ትምህርት ይቀበላል?

አለቃዋማ ጠዋት የእንግዳ መቀበያ ሥራ ተፈታኞችን ዝርዝር አይታ በሰው ፊት ስቃባታለች።

"አንቺ? እንግዳ መቀበያ ላይ? አንሶላውን ማን ሊተኩስልን ነው?"

"እሺ" አለች ተኳሿ። ለአለቃዋ ከ"እሺ" ሌላ ቃል አውጥታም አታውቅ። የሚፈለገው አንድ ሰው ሲሆን ተፈታኞቹም እሷና አለቃዋ ብቻ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ከመቆም ብዛት እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ ብሏታል፤ ያቺን የእንግዳ መቀበያ ወንበር በዓይኗ ስትመኛት ዓመታት አልፈዋል።

አሁን ዝም ብትል ማን ያውቅባታል?

"የታባቷ!" አለች ጮክ ብላ። ግን ያ "ፈርቻለሁ" የሚለው ቃል ሆዷን አባባው። "ሁለቱም ይሆናል፤ 'ሜይ' ግን ትህትናው ይበልጣል። አይፍሩ፤ ልክ እኔ እንደምለው ይበሉት" ብላ ጻፈችና እንግሊዝኛውን አጥርታ ቀድታ ላከችው።

ስምንት ሰዓት ሲሆን አለቃዋ ቀድማ ገባች። ተኳሿ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ በበሩ በኩል አዳመጠች።

"ሜይ። አይ። ሄልፕ። ዩ። ፕሊዝ። ዌይት።"

ከውስጥ ሳቅ ፈነዳ።

"ይቅርታ እህቴ" አለ ሥራ አስኪያጁ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት፣ "ቁርጥ የሊፍታችንን ማስታወቂያ! በሩ ሊዘጋ ነው የምትይ መሰለኝ።"

ተኳሿ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። ዘጠኝ ዓመት የአንሶላ ጋሪ እየገፋች በዚያ ሊፍት ስትወጣና ስትወርድ፣ ከግድግዳው በእንግሊዝኛ የሚናገረውን ድምፅ እየተከተለች አፏን አፍታታችበት። ሰውም እንደዚያው የሚናገር መስሏት ነበር። አራት መቶ ሰው ሊፍት አድርጋለች!

አለቃዋ ወጥታ አጠገቧ ዘፍ አለች። ዓይኗ ቀልቷል።

"ሳቁብኝ" አለች፣ ለተኳሿ ሳይሆን ለራሷ። "አንዲት መምህርት አለች፤ እንዴት እንዳመንኳት! ጉድ ሠራችኝ።"

አሁን ዝም ማለት ከበፊቱም ይቀል ነበር። የአለቃዋ ነገር አብቅቷል፤ ወንበሯ ባዶ ናት፤ ተኳሿም የት ላይ እንደሚሳቅ አውቃለች። እፍረቱ ግን አላስቀምጥ አላት። ስልኳን አወጣችና ለግሩፑ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ ቋንቋዋ ትናገር ጀመር።

"ተማሪዎቼ፣ እኔ አስተማሪ አይደለሁም። ሆቴል ውስጥ አንሶላ የምተኩስ ሴት ነኝ። ስለ ሰዋስው የነገርኳችሁ ልክ ነው። አነጋገሩን ግን የቀዳሁት ከሊፍት ነው፤ ሰው እንደዚያ እንደማይናገር ዛሬ ገና ገባኝ። ዛሬ በእኔ ጥፋት የተሳቀባት ሰው አለች። ይቅር በሉኝ።"

ላከችው። በአለቃዋ መዳፍ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ።

አለቃዋ ስልኩን አልከፈተችውም። አፏን ከፍታ ተኳሿን ታያት ነበር። ተኳሿ አንገቷን ደፍታ ቁጣውን ጠበቀች፤ "እሺ" የምትለውንም አዘጋጀች።

"ቀጣይ!" አለ ሥራ አስኪያጁ ከውስጥ።

አለቃዋ እንባዋን በመዳፏ ጠራረገች። ከዚያ ብድግ ብላ ከተኳሿ ትከሻ ላይ የአንሶላ ክር አነሳችላትና በሩን ያዘችላት።

"ይግቡ፣ መምህርት" አለቻት። "እንደ ሊፍቱ ብቻ እንዳይናገሩ።"