የመርዶ ልምምድ

ሰው ሲያስመስል አልወድም። ትያትር የሚያስተምር ሰው እንዲህ ሲል ያስቃል፤ ይሳቅብኝ። ከመምህርነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ቦንጋ ውስጥ ባለች አንዲት የቆርቆሮ አዳራሽ ልጅና አዋቂ ቀላቅዬ አለማምዳለሁ። ደንቤ አንድ ነው፤ ሽማግሌ የሚሆኑት ልጆች ናቸው። ትልቅ ሰው ሽማግሌ ሁን ሲባል ያስላል፣ ይጎብጣል፣ ያጋንናል። ልጅ ግን ቤቱ የመጡትን ሽማግሌዎች ጥግ ተቀምጦ አይቷቸዋል፤ ያየውን ያደርጋል።

ዘንድሮ የምናዘጋጀው ስለ መርዶ ነበር። ሐሳቡን ያመጣችው ቀጸላ ናት። ቀጸላ ገበያ ላይ ኮረሪማ የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ናት።

«እኛ አገር ሰው ሲሞት ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ የሬሳው ባለቤት ብቻ አታውቅም» አለችን። «እሷ ገበያ ወጥታ ትከራከራለች፣ ጎረቤቷ ከኋላዋ ዓይኑን ይጠርጋል። ይሄ ካላሳቀ ምን ሊያስቅ ነው?»

ልጇ የሞተባትን እናት እኔ ካልሆንኩ አለች፤ ሆነች። ሦስት ልጆች ጋቢ ለብሰው፣ ምርኩዝ ይዘው በማለዳ ቤቷ ይመጣሉ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቡናው ዋጋ፣ ስለ ጎረቤት ላም ያወራሉ እንጂ ዋናውን ነገር አይናገሩም። እሷ ቁርስ ሳትበሉ አትሄዱም ብላ ትሯሯጣለች፣ በርጩማ ያደናቅፋታል፣ እንደገና ትሯሯጣለች። በመጨረሻ ትልቁ ሽማግሌ «ልጅሽ ዋለ አርፏል» ይላታል። ዋለ የድርሰት ስም ነው። ትልቁን ሽማግሌ የምትሆነው ደግሞ ሃሌሉያ የምትባል የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች።

አንድ ማክሰኞ የእድራችን ዳኛ ከፈለኝ ቤቴ መጣ። አልቀመጥም አለ። የቀጸላ ወንድ ልጅ ነቢዩ ወርቅ ሊቆፍር ዲማ ከወረደ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ሰኞ ዕለት ጉድጓዱ ተደርምሶበት ሞቷል፤ ጓደኞቹ እዚያው ቀብረውታል።

«ለቀጸላ አሁን አይነገራትም» አለ ከፈለኝ። «ወንጌላዊት ዱባይ ናት። አሠሪዎቿ ፈቃድ ሰጥተዋት እስክትገባ የሚመጣው ሳምንት እሑድ ይሆናል። ሴት ልጇ አጠገቧ ሳትኖር አናረዳትም። ለሰኞ ማለዳ ቀጥረናል።»

«ልምምዱን ልተወው?»

«እንዳትተው። ከተውክ ትጠረጥራለች።»

ቀጸላ ያሏት ልጆች እነዚያ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ነገሩ ትክክል መሰለኝ፤ የአገር ወግ ነው። ሰው መርዶውን የሚደግፈው ዘመድ በሌለበት አይሰማም።

በዚያው ቅዳሜ ለልምምድ ስንገናኝ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነበር። ቀጸላ ሻሿን ለውጣ፣ ደስ ብሏት መጣች። እንደዚያ ቀን አድርጋ ሠርታ አታውቅም። በርጩማው ሲያደናቅፋት በርጩማውን ይቅርታ ጠየቀችው፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ድረስ ግን ወሬው ከተማውን አዳርሶ ነበር። ልጆቹ ሳይቀሩ ሰምተዋል። እኔ መላ ያገኘሁ መስሎኝ «ዛሬ የገበያውን ክፍል ነው የምንለማመደው» አልኩ።

«ለማሳያው ሁለት ሳምንት ቀርቶት?» አለች ቀጸላ። «የኔ ክፍል ገና አልተስተካከለም። እርስዎ ራስዎ ነዎት ያሉት።»

«የማዘው እኔ ነኝ» ብዬ ጮህኩባት። ስደነግጥ መቆጣት የቆየ ጠባዬ ነው።

«ይቆጡ፤ ግን እንጀምር» ብላ በርጩማዋን ቦታው ላይ አስቀመጠች።

ወንድ ልጅ ነኝ፣ ሽማግሌ ነኝ፣ አርባ ዓመት ክፍል ውስጥ ቆሜ ተማሪ ዝም ያሰኘሁ ሰው ነኝ። አንዲት ሴትን እምቢ ማለት አቅቶኝ እሺ አልኩ።

ልጆቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ገቡ። ቀጸላ «ግቡ፣ ግቡ፤ ምነው በማለዳው፣ ደኅና?» አለች። ስለ ዝናቡ ተወራ። ስለ ቡናው ዋጋ ተወራ። ቁርስ ላቅርብ ብላ ተነሣች፣ በርጩማው አደናቀፋት፣ በርጩማውን ይቅርታ ጠየቀችው። ማንም አልሳቀም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ብቻ ይሰማል። አልሰሙኝም ብላ ነው መሰለኝ እንደገና፣ አጋንና ሠራችው። ከአዋቂዎቹ ተለማማጆች አንዷ፣ ኋላ የተቀመጠችው ፍቅርአዲስ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

አሁን ሃሌሉያ ናት ተናጋሪዋ። እሷ ግን ምርኩዟን መሬት አስቀመጠችና ሄዳ ከቀጸላ ኋላ ቆመች። ሁለቱ ወንዶች ልጆችም ግራና ቀኝ ገብተው ክንዶቿን ያዙ። ይህን እኔ አላስተማርኳቸውም። መርዶ ሲነገር ጉልበት ያለው ሰው ከኋላና ከጎን ይቆማል፤ የተረዳችው ሴት ራሷን መሬት ላይ እንዳትጥል። በየቤቱ ያዩት ነው። በትያትራችን ውስጥ አላስገባነውም ነበር፤ ያከብደዋል ብዬ።

ቀጸላ ክንዷ ላይ ያሉትን ትንንሽ እጆች አየቻቸው።

«ይሄ ድርሰቱ ውስጥ የለም» አለች በቀስታ።

ዞር ብላ ሰዉን አየች፤ ሰዉ ሁሉ አንገቱን ደፋ። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ጋሽ ወርቅአፈራሁ፣ የትኛው ነው?»

ከፈለኝን አሰብኩ፣ ሰኞን አሰብኩ። ምንም ነገር የለም ብዬ መሳቅ ነበረብኝ፤ ማስመሰል እንጀራዬ ነው።

«ወንጌላዊት ናት?» አለች።

«አይደለችም» አልኩ።

ፊቷ ላይ እፎይታ ሲወጣ አየሁት። እውነቴን ነው፤ ደስ አላት። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ ነበር፤ ከዚያ የመለስኩላት ምን እንደሆነ ገባት። እኔም ያደረግሁት የዚያን ጊዜ ነው የገባኝ። ራሷን መሬት ላይ ልትጥል ስትል ልጆቹ አልለቀቋትም፤ በርጩማው ላይ አስቀመጧት።

«መቼ ነው?»

«ያለፈው ሳምንት ሰኞ። እኛ የሰማነው ማክሰኞ ነው። ወንጌላዊት ነገ ትገባለች፤ እሷን እየጠበቅን ነበር፣ ቀጸላ። ለአንቺ ብለን ነው።»

ስለ ወንጌላዊት መምጣት ያልኩትን የሰማች አልመሰለኝም። ጣቶቿን አንድ በአንድ እያጠፈች ትቆጥር ጀመር። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ። ቅዳሜ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

«ያለፈው ቅዳሜ» አለች። «ያን ቀን ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ልጄ አፈር ገብቶ እኔ እዚህ ሰው ሳስቅ ዋልኩ?»

ልምልላት፣ ልለምናት፣ ወግ ነው ልላት ፈልጌ ነበር። እሷ ግን ሌላ ነገር ጠየቀችኝ።

«እርስዎም ስቀው ነበር እኮ። አይቼዎታለሁ፤ እንባዎ እስኪመጣ ነው የሳቁት። ያ ሳቅ የማስመሰል ነበር?»

የማስመሰል ነበር ብላት ምናልባት ይቀልላት ነበር። ግን እውነቱ እንደሱ አልነበረም። በርጩማውን ይቅርታ ስትጠይቅ ነቢዩን ረስቼው ነበር።

«አይ» አልኳት። «ከልቤ ነው የሳቅሁት።»

ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው።