ለሌለች ውሽማ ድንጋይ

የዚያን እሑድ ማለዳ የሻው ጓሮው ውስጥ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ይመርጥ ነበር። በጣም ካነሰ ሽማግሌዎቹ «ቀለደብን» ይሉታል፤ በጣም ከከበደ ወገቡ አይችለውም። በደለኛ በማጅራቱ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅ የሚለውን ወግ የወሎ ሰፋሪዎች በሰባ ሰባቱ ድርቅ ወደ አሶሳ ሲመጡ ይዘውት መጡ፤ ከብቱም እህሉም እዚያው ሲቀር ወጉ አብሯቸው ተሳፈረ። እስከዚህ ድረስ ችግር የለም። ችግሩ የሻው ምንም በደል አለመሥራቱ ነው። ውሽማ ይዟል ተብሎ ተከሰሰ፤ ውሽማ ግን የለችውም፣ ኖራውም አታውቅም። ታዲያ ማን አሳበቀበት ቢባል እሱው ራሱ ነው። «አዎ፣ አለችኝ» ብሎ በገዛ አፉ አምኗል።

እንዲህ ያለ ጅል አለ ወይ አትበሉ። ወንድ ልጅ ሲያፍር የማይገባበት ጉድጓድ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሻው ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ጠዋት ሲነቃ ሰውነቱ ቀድሞት ነቅቶ ያገኘው ነበር። ስለዚህ ነገር አስቦ አያውቅም፤ ሰው ስለ ትንፋሹ መቼ ያስባል? ሃምሳን ሲያልፍ አንድ ቀን መጣ፣ አንድ ቀን ቀረ፤ «ድካም ነው» ብሎ ተወው። ስድሳን ሲሻገር ግን ጨርሶ ጠፋ። ጠዋት የጠፋው ማታም አልተገኘም። ከሚስቱ ከብዙወርቅ ጋር መጀመሪያ ያቃተው ቀን በሙቀቱ አመካኘ፤ አሶሳ መቼም ሙቀት አያጣም። በሌላው ቀን በማንጎ ለቀማው አመካኘ። ከዚያ በኋላ የሚያመካኝበት ሲያጣ «ለወገቤ ጠንካራ መደብ ይሻለዋል» ብሎ ጋቢውን ይዞ ወደ ውጪኛው ክፍል ወጣ። ገበያ ላይ «ሽማግሌን ጎረምሳ ያደርጋል» የተባለለትን የሥር ዱቄት ገዝቶም ጠጣ። ዱቄቱ ሆዱን አላውሶ ቀኑን ሙሉ ሽንት ቤት ሲያመላልሰው ዋለ እንጂ ሌላ የፈየደለት ነገር የለም።

አዘነ፤ በጣም አዘነ። አንዳንድ ጠዋት ከመደቡ ሳይነሳ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ዕንባው ይመጣ ነበር። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፣ የቅሬው እድርተኛ ይሰበሰባል፣ ድንኳን ይተከላል። ይሄ ግን ለማን ይነገራል?

ብዙወርቅ ለመጠየቅ የምትቸኩል ሴት አይደለችም። ጠጉሯን ተሠራች፤ ባሏ ዝም። አዲሱን ቀሚሷን ለበሰች፤ አሁንም ዝም። ዐይኗን እንኳ ማየት ትቷል። በማንጎ ወቅት ከወዳጁ ከአብዱልሐሚድ ጋር በአይሱዙ እስከ ጉባ፣ የሕዳሴ ግድቡ ሠራተኞች ካምፕ ድረስ ማንጎ ሊሸጥ ይመላለስ ነበርና ነገሩን ከዚያ ጋር አያያዘችው። «ጉባ ሴት አለችህ አይደል?» አለችው አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጠች፣ ዕንባዋን በሽንኩርቱ አሳብባ።

የሻው ሁለት መንገድ ነበረው። «የለችም» ቢል «ታዲያ ምን ሆነህ ነው?» ትለዋለች፤ ያን ደግሞ ሊነግራት አይችልም። ስለዚህ «አለች» አለ። እውነቱን እንነጋገርና ቃሉ ካፉ ሲወጣ ትንሽ ጣፍጦታል። ወሬው መንደሩን ሲያዳርስ «ሲያረጁ አምባር ይዋጁ» እያሉ የሳቁበት ወንዶች፣ ሳቃቸውን ሲጨርሱ ቅናት ቢጤ ሽው ያላቸው መሰለው። በቤቱ ያጣውን ጉብዝና በሐሜት አገኘው ማለት ነው።

ብዙወርቅ ልብሷን ጠቅልላ ትነሳለች ብሎ ግን አላሰበም። ልጃቸው ሰብለወንጌል ወንበራ ወረዳ ውስጥ አስተማሪ ናት። «ሽማግሌ ፊት እቆማለሁ፣ ጥፋቱን ሲያምን እሰማለሁ፣ ከዚያ ልጄ ጋ እሄዳለሁ» አለች፤ ያለችውን ደግሞ የምታደርግ ሴት ናት። ሐሜቱ እንደ ሬት የመረረው ያኔ ነው። አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ትዳር በሌለች ሴት ሊፈርስ ነው።

ሽማግሌዎቹ የመንደሩ አንጋፋ በሆኑት በአያ ሰራዊት ግቢ፣ ማንጎው ሥር ተቀመጡ። ከአያ ሰራዊት ቀጥሎ ከባምባሲ በኩል መጥቶ እዚያው የከተመው የከብት ነጋዴው ጃለታ፣ ከእሱ ቀጥሎ አብዱልሐሚድ። አብዱልሐሚድ በርታ ነው፤ የአገሩ ሰው። ሰፋሪዎቹ ባዶ እጃቸውን ሲመጡ አባቱ ማሽላ አካፍለዋቸዋል፣ ከየሻው ጋርም ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ወንድማማች ናቸው። ብዙወርቅ ጥቅልሏን አጥሩ ጥግ አስቀምጣ ቆመች፤ ከዚህ በቀጥታ ወደ መናኸሪያ ነው። የሻው ድንጋዩን በማጅራቱ ተሸክሞ ጎንበስ አለ።

«ጥፋትህን ታምናለህ?» አሉ አያ ሰራዊት።

«አምናለሁ፣ አያ።»

«ሴትዮዋ ማን ትባላለች?»

የሻው ስም አላዘጋጀም ነበር። «ስሟን አልጠራም» አለ ትንሽ አስቦ። «ጨዋ ናት።»

«ኧረ ወዲያ! ጨዋነቷ ይቃጠል!» አለች ብዙወርቅ።

ጃለታ ሳቁን በሳል ሸፈነው። አያ ሰራዊት ጭራቸውን አወዛውዘው ዝም አሰኙና ወደ አብዱልሐሚድ ዞሩ። «ጉባ ስትሄዱ አብራችሁ ነበራችሁ። እንግዲህ ሴትዮዋን እንደምታውቃት ምለህ መስክር፤ ሁለተኛ ወደሷ እንዳይሄድም ዋስ ሁነው።»

የሻው ከጎነበሰበት ቀና ብሎ ወዳጁን በዐይኑ ለመነው። አብዱልሐሚድ አየው፣ ራሱን በእንቢታ ነቀነቀ።

«ወላሂ አያ ሰራዊት፣ እኔ በውሸት አይምልም» አለ በተሰባበረ አማርኛው። «ጉባ አብረን ሄደ። መኪና ላይ አብረን ተኛ፣ ማንጎ መሐል። ይሄ ሰውዬ ሌሊት ያንኮራፋል፣ ጠዋት ማንጎ ይሸጣል፣ ከዚያ ወደ ቤት። ሴት የለም። ብዙወርቅ እኅቴ፣ አንተ በከንቱ ታለቅሳለህ።»

ብዙወርቅ ወደ ባሏ ተራመደች። ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ እሱ ደግሞ ከጩኸቷ ይልቅ ዝቅ ያለውን ይፈራዋል።

«ካልነበረች ምን ቆርጦህ ነው አለች ያልከኝ?»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የሻው ላይ ግን ባንድ ጊዜ ጠራበት። አለች ብሎ ቢጸና አብዱልሐሚድን ውሸታም ያደርገዋል፣ ሚስቱም ጥቅልሏን አንስታ ትወጣለች። የለችም ቢል ሲደብቅ የከረመውን በሰው ፊት ሊዘረግፍ ነው። ከጎነበሰበት የሚታየው የብዙወርቅ እግር ብቻ ነበር። የመንገድ ጫማዋን አድርጋለች። ያ ጫማ ከግቢው ሲወጣ በሐሳቡ አየው።

«ሴት የለችም» አለ። «የጠፋሁት እኔ ነኝ ብዙዬ። ጠዋት ጠዋት ወንድ ልጅ የሚነቃበት ነገር አለ አይደል? እኔ ላይ ቀረ። ማታም እንደማይሆንልኝ አንቺው አይተሻል። አልቆልኛል። ከምትንቂኝ ብትጠይኝ ይሻላል ብዬ ነው አለች ያልኩሽ።»

የሻው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስታው ነበር። ማንም አልሳቀም። በመጨረሻ አያ ሰራዊት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጠዋት ጠዋት ነው ያልከው?»

«አዎ፣ አያ።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ካምና ወዲህ።»

«ታዲያ ምኑ ያስለቅስሃል? የኔማ ግድቡ ሳይጀመር ነው የጠፋ» አሉ አያ ሰራዊት።

ጃለታ ዙሪያውን አየ፣ ማንም እንዳልሳቀ ሲያረጋግጥ እሱም ደፈረ። «የኔ እንደ መብራታችን ነው። አንድ ቀን ይመጣል፣ ሳምንት ይጠፋል። ማንን ይጠይቁታል?»

ሁሉም ወደ አብዱልሐሚድ ዞሩ። አብዱልሐሚድ ደረቱን ነፋ። «እኔ ደህና» አለ። ዐይናቸውን አልነቀሉለትም። «ደህና… ትንሽ ደህና» አለ ደረቱን መልሶ።

ያን ጊዜ ብዙወርቅ ድንጋዩን ከባሏ ማጅራት ላይ በገዛ እጇ አንስታ ወዲያ ወረወረችው። ትሥቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ትቆጣለች፤ ሁሉም ባንድ ላይ መጣባት።

«ወየው ጉዴ! ስታቃጥለኝ የከረመች ሴት ይቺ ናት? በሌለች ሴት ቀናሁ እኮ እናንተ! አንተ ሰውዬ፣ ወባውን አብረን ታመምን፣ ልጅ አብረን ቀበርን፣ ጫካውን አብረን መነጠርን፣ ይሄን ብቻ ለብቻዬ ልያዘው ብለህ ነው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ነገ ሐኪም ቤት ትሄዳለህ።» ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። «እናንተም ብትሆኑ አትቀሩም!»

ሊያስታርቁ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ተፈርዶባቸው ተነሱ።

በማግስቱ በሁለት ባጃጅ ሄደው ሐኪም ቤቱ አግዳሚ ላይ ተደረደሩ። ሐኪሙ ዶክተር ዲማ ይባላል፤ ዕድሜው ከሰብለወንጌል አይበልጥም። «አባቶቼ ምን አገኛችሁ?» ሲል አያ ሰራዊት ጣሪያውን አዩ፣ ጃለታ ጫማውን አየ፣ አብዱልሐሚድ የወባ ፖስተር ማንበብ ጀመረ፤ ማንበብ ግን አይችልም። የሻው ተነሳ። ትናንት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የተናገረ ሰው ዛሬ ምን ይፈራል? የራሱንም የእነሱንም ምንም ሳይደብቅ አንድ ባንድ ተናገረላቸው። ሲጨርስ ከወገቡ ቀና ብሎ ቆሞ ነበር።

ዶክተሩ አልሳቀም። «ዕድሜ ሲገፋ ይቀንሳል፤ ከሃያ ዓመት ጎረምሳ ጋር አታወዳድሩት» አላቸው። «እንቅልፍ ይሳሳል፣ የወንድነት ሆርሞን ይቀንሳል። ይሄ እርጅና ነው፣ በሽታ አይደለም። ጨርሶ ሲጠፋ ግን ምክንያቱን መፈለግ አለብን። የዚያ ቦታ ደም ሥር ቀጭን ስለሆነ ስኳርና ደም ግፊት ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚታወቁት እሱ ላይ ነው፤ ልብ ከመታመሙ በፊት እሱ ይናገራል። ጭንቀትም ያጠፋዋል። ገበያ የሚሸጠውን ዱቄትና ክኒን ግን እንዳትነኩ፣ ልብ ላይ ይጫወታል።»

ተመረመሩ። ጃለታ ደም ግፊት ተገኘበት። አብዱልሐሚድ ሲጋራ ተው ተባለ። አያ ሰራዊት ምንም የለባቸውም፤ «እርስዎ አርጅተዋል አባቴ፣ እንኳን ደስ አለዎት» ሲላቸው ለሕፃን ልጅ እንደሚደረገው ግንባሩን ሳሙት። የሻው ላይ ስኳር ተገኘ፤ ያውም ከፍ ያለ ስኳር። «ዝም ብለው ተቀምጠው ቢሆን ዐይንዎን ወይም እግርዎን ይዞት ይሄድ ነበር» አለው ዶክተሩ። የሻው መርዶ እንደሰማ ሰው ሳይሆን ምሥራች እንደሰማ ሰው ከክፍሉ ወጣ። አላለቀም፤ ታሟል እንጂ አላለቀም!

የዚያን ዕለት ማታ ጋቢውን ይዞ ወደ መኝታቸው ተመለሰ። ብዙወርቅ ቦታ ለቀቀችለት። «እኔ ያለቀስኩት ለዚያ ነገር መሰለህ?» አለችው። «ጀርባህን ስለሰጠኸኝ ነው።» የሻው ፊቱን ወደሷ አዞረ። የተኙት እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ነው፣ ሌላ ምንም አልነበረም፤ እሱ ግን እንደዚያ ቀን እፎይ ብሎ ተኝቶ አያውቅም።

ከዚያ መድኃኒቱን ዋጠ፣ ሻዩን ያለ ስኳር መጠጣት ለመደ፣ ማር ሲያይ ፊቱን አዞረ። በየማለዳው ከአብዱልሐሚድ ጋር እስከ አስፋልቱ ይራመዳሉ። መንደርተኛው መጀመሪያ አሾፈ፣ ቆየት ብሎ ግን አንድ ሁለት ሰው «እኔም ልጠይቅህ ነበር የሻው…» እያለ በስርቆሽ ይጠጋው ጀመር። ሁሉንም «ሐኪም ቤት ሂድ፣ ደግሞ ለሚስትህ ንገራት» ይላቸዋል፤ ድምፁን ሳይቀንስ።

ክረምቱ ወጥቶ ጠዋቱ ቀዝቀዝ በሚልበት ሰሞን፣ አንድ ማለዳ የሻው ነቃ፤ ሰውነቱ ቀድሞት ነቅቷል። የሃያ ዓመቱ ዓይነት አይደለም። ግን አለ። መጀመሪያ አላመነም፣ እስኪያረጋግጥ ትንፋሹን ይዞ ቆየ። ከዚያ ደስታው ከሆዱ ገንፍሎ ወጣ፤ መሣቅ ጀመረ። ብዙወርቅ በሣቁ ነቅታ ፊቱን አየች፤ ምንም አልጠየቀችም፣ ገብቷታል። እሷም ሣቀች።

ወዲያው ከአጥሩ ውጪ የአብዱልሐሚድ ድምፅ ተሰማ። «የሻው! ፀሐይ ወጣ! እንሂድ!»

«ዛሬ አይሄድም!» አለች ብዙወርቅ ከውስጥ።

«ምነው፣ ታመመ?»

«ኧረ ደህና ነው! እንዲህ ደህና ሆኖም አያውቅ!»

አብዱልሐሚድ ነገሩ ገባው። ከዚያ «አልሐምዱሊላህ!» ብሎ ሲጮኽ የጎረቤቱ ዶሮዎች ከቆጡ ወረዱ።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ አያ ሰራዊት ከማዶ።

«የሻው! ጠዋቱ ተመለሰ!»

«እሰይ!» አሉ አያ ሰራዊት። «እልል በሉ እንጂ እናንተ ሴቶች!» አንዷ ጎረቤት ነገሩን ሳታውቅ እልልታዋን አቀለጠችው፣ ሌላዋ ተቀበለቻት፣ እልልታው ከአጥር ወደ አጥር እያለፈ መንደሩን ዞረው።

የሻው ጋቢውን ፊቱ ላይ ሊስበው ቃጣና ተወው። ማፈር አቅቶት ነው። «ብዙዬ፣ አገር ሰማ እኮ» አለ።

«ይስማ» አለች ብዙወርቅ፣ በሩን ቀርቅራ እየተመለሰች።